ከቀለሙ በፊት ላሜራውን እዩ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ አሮጌ የጣሊያን ስኩተሮች ነው፤ ስለ ቬስፓና ስለ ላምብሬታ። ሚላን ከገባሁ ወዲህ ማታ ማታ ከሥራ ስወጣ ቀጥታ ጋራዥ የምሄደው በእነሱ ፍቅር ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳይምታታባችሁ።

በቅርቡ አንድ ወዳጄ ፎቶ ላከልኝ። የ1960ዎቹ ቬስፓ ነው፣ በሁለት ቀለም የተቀባ፣ ክሮሙ ዓይን ይወጋል። «ልግዛው ወይ?» አለኝ። መልሱን መጻፍ ጀመርኩና ረዘመብኝ። ይሄን ጥያቄ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ እዚሁ ባወራው ይሻላል አልኩ።

መጀመሪያ ቬስፓ እንዴት እንደተሠራች ማወቅ ያስፈልጋል። የምታመርታት ፒያጆ አውሮፕላን የሚሠራ ኩባንያ ነበር። ቶስካና ውስጥ ፖንቴዴራ ያለው ፋብሪካው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ተመታ። ጦርነቱ ሲያልቅ አውሮፕላን የሚገዛ የለም፣ ሕዝቡ ግን መንቀሳቀስ አለበት። የኩባንያው መሪ ኤንሪኮ ፒያጆ ርካሽ መጓጓዣ ፈለገና ሥራውን ለኮራዲኖ ዳስካኒዮ ሰጠው። ዳስካኒዮ ሄሊኮፕተር ሲነድፍ የኖረ መሐንዲስ ነው፣ ሞተር ሳይክል ደግሞ አይወድም። ልብስ ያቆሽሻል፣ ሰንሰለቱ ዘይት ይረጫል፣ ጎማ ሲተነፍስ መፍታቱ መከራ ነው። እና ሰውየው የማይወደውን ሁሉ አንድ በአንድ አወጣው። ሰንሰለቱን ጣለ፣ ሞተሩን የኋላ ጎማው ጎን ላይ አሰረ፣ የፊት ጎማውን እንደ አውሮፕላን ማረፊያ እግር በአንድ በኩል ብቻ ያዘው፣ ማርሹን ከእግር አንስቶ ግራ እጅ ላይ አደረገው። የፈጠራ መብቱ በኤፕሪል 1946 ፍሎረንስ ላይ ገባ። የመጀመሪያዋ 98 ሲሲ ነበረች።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ ወይ ሐዋሳ ባጃጅ ተሳፍራችሁ ከሆነ፣ ሾፌሩ ግራ እጁን ጠምዘዝ እያደረገ ማርሽ ሲቀይር አይታችኋል። የፊት ጎማውም በአንድ በኩል ብቻ ነው የተያዘው። ይሄ የዳስካኒዮ ሐሳብ ነው። ፒያጆ በ1948 ቬስፓውን ባለ ሦስት ጎማ አድርጎ አፔ ብሎ አወጣው፤ የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ደግሞ በ1960ዎቹ በፒያጆ ፈቃድ ሲያመርት ነበር። ይሄን ሳውቅ በጣም ነው የተደሰትኩት። አገር ቤት በየቀኑ የምንሳፈርበት ነገር ዘሩ ከዚህ ነው!

ወደ ላሜራው ልመለስ፣ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ቬስፓ ለብቻው ቻሲስ የላትም። እግር የምታሳርፉበት ወለል፣ ጉልበታችሁን የሚከልለው የፊት ጋሻ፣ ከመቀመጫው ሥር ያለው አካል፣ ሁሉም ተበይዶ አንድ ነው፤ ክብደት የሚሸከመው ራሱ ላሜራው ነው። ላምብሬታ ትለያለች። አምራቿ ኢኖቼንቲ የብረት ቱቦ ኩባንያ ስለነበር በ1947 ሲጀምር አካሏን በቱቦ ነው የሠራው፣ ላሜራው እንደ ልብስ ከላይ የሚደረብ ነው። ስለዚህ የላምብሬታ ላሜራ ቢዝግ ያስጠላል እንጂ አጥንቷ አለ። የቬስፓ ወለል ከዛገ ግን አጥንቷ ነው የዛገው።

አሁን ያንን የሚያብረቀርቅ ፎቶ አስቡት። የተበላውን ላሜራ ቆርጦ፣ አዲስ ወለል በይዶ ማስገባት ረጅም ሥራ ነው። ከመቁረጣችሁ በፊት አካሉን በብረት ደግፋችሁ ካላሰራችሁት ይጣመማል፣ ከተጣመመ ደግሞ የፊትና የኋላ ጎማ መስመር አይገናኝም፣ መንገድ ላይ ወደ አንድ ጎን ትስባለች። ይሄን ሁሉ ጣጣ ለመሸሽ ዝገቱ ላይ ስቱኮ፣ ማለትም ጉድጓድ መሙያ ሊጥ፣ ለጥፎ፣ አሸዋ ወረቀት አሽቶ፣ ቀለም መርጨት ግን ቀላል ነው። በተለይ በ2000ዎቹ ከቬትናም ወደ አሜሪካና አውሮፓ ከተላኩት አሮጌ ቬስፓዎች ብዙዎቹ እንዲህ ሆነው ተገኝተዋል፤ ከሁለት ሦስት የተለያየ ቬስፓ ተቆራርጠው የተበየዱም ነበሩ። ሁሉም እንደዚያ ናቸው አልልም፣ ጎበዝ ባለሙያ እዚያም አለ። ግን ሰው በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚነዳው ነገር ነው! ስቱኮ ሰው አይሸከምም። ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል።

ለወዳጄ ያልኩት፣ ትንሽ ማግኔት ኪስህ ውስጥ ይዘህ ሂድ። በጨርቅ ጠቅልለህ ወለሉን፣ የፍሬን ፔዳሉን ዙሪያ፣ የጋሻውን የታች ጠርዝ ዳስስበት። ማግኔቱ አልይዝ ያለበት ቦታ ሥሩ ወፍራም ስቱኮ ነው። ሻጩ ከተቆጣ መልሱን አገኘህ ማለት ነው።

እኔ እንደውም የተቧጨረች ትሻለኛለች። ፋብሪካ ውስጥ የተቀባችው ቀለም ላይዋ ላይ ካለ፣ የደበዘዘም ቢሆን፣ እባካችሁ አትላጩት። በቀስታ እጠቡት፣ ሰም ቀቡት፣ ተዉት። ቀለም በፈለጋችሁት ጊዜ ይቀባል፣ የፋብሪካው ቀለም ግን አንዴ ከተላጠ አለቀ። የግድ መቀባት ካለባት የቀለም አምራቹ የማክስ ማየር ቁጥር ለየሞዴሉ ይታወቃል፣ ያንን ፈልጉ።

ማሳመር የሚባለውንስ? እወዳለሁ፣ በጣም። በ1960ዎቹ እንግሊዝ አገር ሞድስ የሚባሉት ወጣቶች መስታወትና መብራት ደርድረው የሚነዷቸውን ታስታውሱ ይሆናል። ያ ሁሉ በዳዶና በቡሎን የታሰረ ነው፣ ፈትተህ መመለስ ትችላለህ። በኋላ የመጣው የፊት ጋሻውን በመጋዝ የመቁረጥ ነገር ግን አንጀቴን ያሳርረዋል። የእኔ ሕግ አንድ ነው፤ የማይመለስ ነገር አላደርግም። ሞተር መቀየር ይቻላል፣ አሮጌውን ዘይት ቀብታችሁ ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት። የ6 ቮልቱን መብራት ወደ 12 መቀየር ደግሞ እንደ ማሳመር አልቆጥረውም፣ የሕይወት ጉዳይ ነው። በአሮጌው መብራት ማታ መንገዱም አይታይም፣ እናንተም አትታዩም።

ከእናንተ መካከል የአባቱ ወይ የአያቱ ቬስፓ የሆነ ግቢ ውስጥ የቆመች ካለ፣ ለማስነሳት ብላችሁ ዝም ብላችሁ ፔዳሏን አትርገጡ። ካንዴላውን ፍቱ፣ በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጣሉበት፣ ተዋት ትደር። ከዚያ ቮላኖውን፣ ከሞተሩ ጎን ያለውን ከባድ ጎማ መሰል ብረት፣ በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። ከዞረላችሁ ክራንኩ ጎንና ጎን ያሉትን ኦይል ሲሎች (አየር እንዳይገባ የሚያግዱ የጎማ ቀለበቶች) ሳትቀይሩ አትንዱ፤ ደርቀው ከተሰነጠቁ አየር ይገባል፣ የቤንዚንና የአየሩ ቅልቅል ይሳሳል፣ ሞተሩ ግሎ ይነክሳል፣ ማለትም ይጣበቃል። ቤንዚኑ ላይ ዘይት መቀላቀሉን እንዳትረሱ፣ ለድሮዎቹ ሞዴሎች 5 በመቶ፣ ከ1960 ወዲህ ለመጡት ለአብዛኞቹ 2 በመቶ ነው። ታርጋውንና ሊብሬውን ደግሞ የትም አትጣሉት። እዚህ ጣሊያን የድሮ ታርጋዋና ወረቀቷ ያልጠፋባት ቬስፓ ዋጋዋ ሌላ ነው።

የቆመች ያላችሁ ፎቶ ላኩልኝ። ወለሉን ፎቶ የምታነሱት ከሥር ሆናችሁ ነው፣ ከላይ አይደለም። ቸር ሰንብቱ።