ከባድ ፊልም ለምን ይጎትተናል? (የፖድካስት ውይይት)

ሜሮን፦ ጤና ይስጥልን፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ የምናወራው ሆድ እያስባሰን አቋርጠን ስለማንነሳው ፊልም ነው። የካ አባዶ ወይም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ኮሚናል (የጋራ አዳራሽ) ውስጥ እሁድ እሁድ ፊልም ላሳይ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሕዝቡ በኑሮ የተጨነቀው አይበቃውም ወይ?» ተብሎ ነው።

ሄኖክ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ተመልካች የሚመጣው ጭንቀት ፍለጋ አይደለም፤ ፊልሙ ላይ ያለውን ሰው ለማየት ነው። ጎረቤት ውስጥ የሚዋሽ፣ የሚቆጣ፣ ራሱን የሚጎዳ ሰው ካለ ወይ እንረዳዋለን፣ ወይ እንፈርድበታለን፣ ወይ እንሸሸዋለን። ፊልም ላይ ከሦስቱም ነፃ ነን። ቁጭ ብሎ ማየት ብቻ ነው የሚጠበቅብን፤ ይሄ ደግሞ በኑሮ ውስጥ አይገኝም።

ሜሮን፦ ፖል ሮዚን የሚባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው ጥናት ነገሩን ከበርበሬ ጋር ያያይዘዋል። ምላስ «ተቃጠልኩ» ይላል፣ አእምሮ ደግሞ አደጋ እንደሌለ ያውቃል፤ ደስታው የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሄኖክ፦ ለአስፈሪ ፊልም ልክ ነው። ለከባድ ድራማ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚያስረዳልኝ። ቃጠሎ ይበርዳል፤ ሰውየው ግን ሳምንቱን ሙሉ ከአንቺ ጋር ይሰነብታል። እ.ኤ.አ. የ1948ቱን የጣሊያን ፊልም «የብስክሌት ሌቦች» ውሰጂ። አንቶኒዮ ፖስተር የመለጠፍ ሥራ አገኘ፣ ሥራው ብስክሌት ይፈልጋል፣ ብስክሌቱ መያዣ ተይዟል። ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቹን ገፍፋ አስያዘችና አስለቀቁት። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ተሰረቀ። ከዚያ በኋላ ከልጁ ጋር ሮምን ሲያስሱ አብረን እንዞራለን። መጨረሻ ላይ ራሱ የሰው ብስክሌት ሲሰርቅ ልጁ እያየው ይያዛል። «ሌባ!» ብሎ የሚጮኸው ሕዝብ ትክክል መሆኑን እናውቃለን፣ ግን ከሕዝቡ ጋር መጮህ አንችልም።

ሜሮን፦ ያ ስርቆት አምስተኛው ደቂቃ ላይ ቢመጣ ኖሮ «ይታሰር» ብለን እንጨርሰው ነበር።

ሄኖክ፦ አዎ! የመጣው ግን መጨረሻው ላይ ነው። ሰውየው የሚፈልገው ነገር በእጅ የሚዳሰስ መሆኑንም ልብ በይ፤ ብስክሌት ነው። ብዙ ከባድ ፊልም የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። እናት ትሞታለች፣ ቤት ይፈርሳል፣ ልጅ ይታመማል፣ ባለታሪኩ ግን ምን እንደሚፈልግ አይታወቅም። መከራ ሲደራረብ ተመልካች ይደነዝዛል እንጂ አያዝንም።

ሜሮን፦ ሁለተኛው ጥፋት ሙዚቃ ነው። ተዋናይዋ ገና ደብዳቤውን ሳትከፍት ዋሽንቱ ያለቅሳል። ሰው «አልቅስ» ሲባል ደግሞ ይከላከላል።

ሄኖክ፦ ሦስተኛው ካሜራው ነው። እ.ኤ.አ. የ1976ቱ «ታክሲ ድራይቨር» ውስጥ ባለታሪኩ ትራቪስ ወደ ራቀችው ሴት ስልክ ይደውላል። ንግግሩ ሳያልቅ ካሜራው ከእሱ ይንሸራተትና ባዶ ኮሪደር ላይ ይቆማል። ድምፁን እንሰማለን፣ ፊቱን አናይም። ዳይሬክተሩ ስኮርሴዚ ውርደቱን ማየት ስለሚከብድ ነው ካሜራውን ያዞረው። ጥሩ ዳይሬክተር መቼ ፊቱን ማዞር እንዳለበት ያውቃል። ሁሉንም አፍጦ የሚያሳይ ፊልም ተመልካቹን ያሸሻል።

ሜሮን፦ አብሮ የማየቱን ነገር እንንካው። ሮቢን ደንባር የሚባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ሙከራ አሳትመዋል። ሰዎቹ ከፊልሙ በፊትና በኋላ ጀርባቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ያለ ወንበር «እንዲቀመጡ» ተደረገ። የቤት አልባ ሰው አሳዛኝ ታሪክ ያዩት ከፊልሙ በኋላ በአማካይ የአቀማመጡን ሕመም የበለጠ ቻሉ፣ አብረዋቸው ላዩትም ሰዎች ይበልጥ ቀረቡ። ስሜታቸው ያልተነካው ላይ ለውጡ አልታየም። ልቅሶ ቤት ሙሾ ለምን በጋራ እንደሚወርድ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ብዙም አይደንቅም።

ሄኖክ፦ ስለዚህ ብቻን በስልክ ከማየት አዳራሹ ይሻላል። ግን አዳራሹ ካልተዘጋጀ ፊልሙ ይሞታል። እንዲህ ዓይነት ፊልም ብዙ ጨለማና ብዙ ዝምታ አለው። ቀን የሚታይ ከሆነ መስኮቱ በወፍራም ጥቁር ጨርቅ መሸፈን አለበት፤ ስስ መጋረጃ ከሆነ የሚገባው ብርሃን የሌሊቱን ትዕይንት ግራጫ ያደርገዋል፣ ፊት አይለይም። ጄኔሬተሩ ከሕንፃው ጀርባ፣ ኬብሉ በቻለው ርቀት ይቀመጥ። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ክረምት ላይ ዝናቡ ንግግሩን ይውጠዋል፤ ፊልሙ አማርኛም ቢሆን ንግግሩ ከሥር የተጻፈበት ኮፒ ፈልጉ።

ሜሮን፦ ስፒከሩ ከስክሪኑ አጠገብ፣ በገመድ። በብሉቱዝ ከሆነ ድምፁ ከከንፈር ወደኋላ ሊቀር ይችላል፣ ያኔ ሰው መሳቅ ይጀምራል። መብራት ከጠፋስ?

ሄኖክ፦ ሲመጣ ካቆመበት አትቀጥሉ። ውጥረቱ ተበጥሷል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ወደኋላ መልሱት፣ ትዕይንቱ ከሚጀምርበት።

ሜሮን፦ ሰዓትም ወሳኝ ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» 140 ደቂቃ ነው። 8 ሰዓት ላይ ከተጀመረ 10፡20 ያልቃል፣ 40 ደቂቃ ውይይት፣ 11 ሰዓት ላይ ሰው ታክሲ ሳይጠፋ ይወጣል። ሰው ስለ መመለሻው ሲጨነቅ ስለ ሰውየው ማሰብ ያቆማል።

ሄኖክ፦ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚባልም እናንሳ። «በጣም ያሳዝናል» አይባል፤ ሰው አለቀስኩ አላለቀስኩ እያለ ራሱን መጠበቅ ይጀምራል። «ሕፃን ላይ የሚፈጸም ጥቃት አለበት» ወይም «ራሱን የሚያጠፋ ሰው አለ» ብሎ በግልጽ መናገር ግን ግዴታ ነው። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ያኔ ራሱ ይወስናል። በር አጠገብ ያሉት ወንበሮችም መውጣት ለሚፈልግ ይተዉ።

ሜሮን፦ ከባዱ ቦታ ላይ የሚስቅ ሰው ይኖራል፤ አትገሥጹት። አብዛኛውን ጊዜ ንቀት አይደለም፣ ከብዶት ነው። ፊልሙ ሲያልቅም መብራት ቶሎ አይበራ። የስም ዝርዝሩ እስኪያልቅ፣ ቢያንስ 2 ደቂቃ፣ ሰው ፊቱን ይጥረግ።

ሄኖክ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ «ወደዳችሁት ወይ?» ከሆነ ውይይቱ አዎና አይደለም ሆኖ ይቀራል። «ዓይናችሁን ከስክሪኑ ያነሳችሁት የት ጋ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉም ሰው መልስ አለው፣ መልሱም ይለያያል፣ ክርክሩ ከዚያ ይነሳል።

ሜሮን፦ በየትኛው ይጀመር?

ሄኖክ፦ «ጤዛ» ታላቅ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት ወስዷል፣ በ2009 ደግሞ ቡርኪና ፋሶ፣ ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫሉን የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት። ግን ባለታሪኩ አንበርብር እግሩን እንዴት እንዳጣ ራሱ ስለማያስታውስ ታሪኩ ወደፊትና ወደኋላ ይመላለሳል፤ ላልለመደ ተመልካች ይከብዳል። መጀመሪያ «የብስክሌት ሌቦች»ን አሳዩ። 90 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ታሪኩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በወሩ «ጤዛ»ን።