ስሙ ቤሉጋ፣ አባቱ ማን?

የተከበራችሁ የምግብ ተቆጣጣሪዎች፣ ነጋዴዎችና የላቦራቶሪ ባልደረቦቼ፤

ቆዳው የተገፈፈ ዓሣ ምን እንደሆነ በዓይን መለየት ለባለሙያም ይከብዳል። ካቪያር፣ ማለትም በጨው የተሰናዳ የስተርጅን ዓሣ ዕንቁላል፣ ደግሞ ይብሳል፤ ራስ የለው፣ ክንፍ የለው፣ እንክብል ብቻ። ቤሉጋ የተባለው የስተርጅን ዝርያ ሴቷ ለዕንቁላል እስክትደርስ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሚፈጅባት ዋጋው ይወደዳል፤ አጭበርባሪም አይጠፋም።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተመራማሪዎቹ ቫዲም በርስታይንና ሮብ ደሳል ኒው ዮርክ ውስጥ የሚሸጥ ካቪያርን በዲኤንኤ ሲፈትሹ፣ ሩብ የሚጠጋው በሌላ ዝርያ ስም ሲሸጥ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሳይተስ የተባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ስተርጅኖችን በሙሉ በቁጥጥር ሥር አስገባ።

ምርመራው ከናሙናው ዲኤንኤ አውጥቶ፣ ብዙ ጊዜ የራሱ ዲኤንኤ ካለው ከሕዋስ ኃይል ማመንጫ ከሚቶኮንድሪያ አንድ ቁራጭ አባዝቶ፣ ቅደም ተከተሉን ከታወቁ ዝርያዎች መዝገብ ጋር ያመሳክራል። ሌላ ዓሣ በስተርጅን ስም ቢቀርብ ወዲያው ይጋለጣል። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ሚቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። በስተር የሚባለውን የእርባታ ዲቃላ ውሰዱ፦ እናቱ ቤሉጋ፣ አባቱ ስተርሌት የተባለ ሌላ የስተርጅን ዝርያ። በሚቶኮንድሪያ ብቻ ከተመረመረ ውጤቱ «ቤሉጋ» ይላል። ላቦራቶሪው አልዋሸም፤ የተጠየቀው ስለ እናቲቱ ብቻ ነበር። አባቱን ለማወቅ ከሁለቱም ወላጆች የሚወረሰው የኒውክለስ (የሕዋስ አስኳል) ዲኤንኤ መታየት አለበት። ዓሣው ከዱር ይሁን ከእርባታ ግን ዝርያውን ማወቅ አይነግረንም፤ ለዚያ የኖረበትን ውሃና የበላውን የሚያሳይ የአይሶቶፕ (የአንድ ንጥረ ነገር በክብደት የሚለያዩ ዓይነቶች) ምርመራ ይጨመራል።

የዲኤንኤና የአይሶቶፕ ምርመራ ሲጣመሩ ምን እንደሚያወጡ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ከቡልጋሪያ፣ ሮማንያ፣ ሰርቢያና ዩክሬን ከተሰበሰቡ 149 የካቪያርና የስተርጅን ሥጋ ናሙናዎች ግማሽ ያህሉ ሕገወጥ ወይም አሳሳች ነበሩ። ሦስቱ ውስጥማ የእንስሳ ዲኤንኤ ጭራሽ አልተገኘም! ለዚህ እንኳ ስም ማውጣት ያስቸግራል።

ነጋዴዎች ሆይ፣ ምርመራ የሚፈትሸው መለያው የተናገረውን ነው። «ካቪያር» ብቻ የሚል ጽሑፍ ማንንም አያስጠይቅም። የሳይተስ መለያ ዝርያውን፣ ምንጩንና የመጣበትን አገር በኮድ ይይዛል፤ ምግብ ቤት ሲደርስ ግን ከጣሳው ጋር ይጣላል። እሱ ኮድ በምግብ ዝርዝሩ ላይ ይጻፍ፤ ዲቃላ ከሆነም የሁለቱ ወላጆች ስም ይጨመር። ተቆጣጣሪዎችም ናሙና ስትልኩ «ምንድን ነው?» ብላችሁ አትተዉት፤ የኒውክለስ ምርመራ እንዲጨመር በማዘዣው ላይ ጻፉ።