አንድ ሳምንት ብቻዬን በኮ ላንታ፦ ባሕሩን ማንበብ

[ምስል፦ ማለዳ። ሰው የሌለበት የባሕር ዳርቻ። አሸዋው ላይ የተተከለ ቀይ ባንዲራ ይውለበለባል።]

ይህን ባንዲራ ያየሁት ኮ ላንታ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ዝናብ የለም፤ ውሃው ከሪዞርቱ በረንዳ ሲያዩት ኑ ኑ ይላል። «መዋኘት አደገኛ ነው» የሚለው ይህ ባንዲራ ባይኖር ኖሮ ፎጣዬን ጥዬ በቀጥታ እገባ ነበር። ገብቼ ብቀር ደግሞ እስከ ማታ ድረስ የሚፈልገኝ ሰው አልነበረም፤ የሄድሁት ብቻዬን ነውና። ስለ ታይላንድ ባሕር ዳርቻ ብዙ ውብ ምስል አይታችኋል። እኔ ዛሬ የማስረዳችሁ ብቻውን የሚሄድ ሰው ከመግባቱ በፊት ባሕሩን እንዴት እንደሚያነብ ነው።

[ምስል፦ የደቡብ ታይላንድ ካርታ። ነጥቡ ከክራቢ ወደ ደሴቱ ይጓዛል።]

ኮ ላንታ በአንዳማን ባሕር ላይ፣ በክራቢ ግዛት ውስጥ ትገኛለች። «ኮ» በታይኛ ደሴት ማለት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባንኮክ ድረስ ይበራል፤ ከዚያ በአገር ውስጥ በረራ ክራቢ፣ ከክራቢ ደግሞ በሚኒባስ። ሚኒባሱ መኪና በሚያሻግር ጀልባ ላይ ተጭኖ ትንሿን ደሴት ላንታ ኖይን ያቋርጥና እ.ኤ.አ. በ2016 በተከፈተው ድልድይ ወደ ትልቋ፣ ወደ ላንታ ያይ ይገባል። ሪዞርቶቹ የተደረደሩት በምዕራቡ ዳርቻ፣ ፀሐይ በምትጠልቅበት በኩል ነው።

ወቅቱን በደንብ ያዙልኝ። የአንዳማን ባሕር ዝናብ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ በሚነፍስ ነፋስ ይመጣል፤ ከእኛ ክረምት ጋር ይገጣጠማል ማለት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ክፍሉ በግማሽ ዋጋ ሲቀርብላችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። ነፋሱ ማዕበሉን በቀጥታ ወደ ምዕራቡ ዳርቻ ይገፋል፤ ብዙ ጀልባዎች ሥራ ያቆማሉ፤ አንዳንድ ሪዞርቶችም ይዘጋሉ። በርካሹ ወራት መሄድን የሚመክሩ አሉ። ብቻውን ለሚጓዝና ባሕር ለማያውቅ ሰው ግን እኔ አልመክርም። እኔ የሄድሁት በኅዳር መግቢያ ነበር፤ ዝናቡ ቢያበቃም ባሕሩ ገና አልረጋም ነበር።

[ምስል፦ ከላይ የተነሣ ሥዕል። በነጭ አረፋ መካከል አንድ ጠቆር ያለ መስመር።]

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ይህን ምስል ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። በግራና በቀኝ ማዕበሉ እየተሰበረ ነጭ አረፋ ይሠራል። መካከሉ ግን ጸጥ ያለ ነው፤ ውሃው ጠቆር ብሎ ለስለስ ያለ ይመስላል። ዋና የሚችል እንግዳ ሰው የትኛውን ይመርጣል? ጸጥ ያለውን። የሚገድለውም ያ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማዕበል በተከታታይ ውሃ ወደ ዳርቻው ያመጣል፤ የመጣው ውሃ መመለስ አለበት። ከውሃው ሥር የአሸዋ ቁልል አለ፤ ቁልሉ የተከፈተበት ቦታ ሲያገኝ ውሃው ሁሉ በዚያ ጠባብ በር ተሰብስቦ ወደ ጥልቁ ይፈስሳል። በአማርኛ የተለመደ ስም ስለሌለው እኔ ጎታች ጅረት እለዋለሁ። ሲበረታ በሰከንድ ከ2 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ የኦሊምፒክ ዋናተኛም አይቀድመውም። በዚያ ቦታ ማዕበሉ የማይሰበረው ጥልቅ ስለሆነና ውሃው ወደ ውጭ ስለሚሄድ ነው።

የሚያጽናናው ነገር ጅረቱ ሰውን ወደ ታች አለማስመጡ ነው። ወደ ውጭ ብቻ ይወስዳል፤ ማዕበሉ ከሚሰበርበት መስመር ካለፈ በኋላም ይደክማል። ሰው የሚሞተው ፊቱን ወደ ዳርቻው አዙሮ ጉልበቱ እስኪያልቅ ከጅረቱ ጋር ሲታገል ነው። ስለዚህ አትታገሉ። ተንሳፈፉ፣ እጃችሁን አንስታችሁ አውለብልቡ፣ አቅም ካላችሁ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙ፤ ከጅረቱ ስትወጡ ብቻ በስያፍ ተመለሱ።

ዋናን ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ለተማርን ሰዎች ይህ ፈጽሞ እንግዳ ነገር ነው። ሐይቅ እንዲህ አይጎትትም። ሐይቅ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜም አይጎድልም። ክሎንግ ኮንግ በሚባለው ዳርቻ ጠዋት የዋኘሁበት ቦታ ከሰዓት በኋላ ስሄድ የድንጋይ ሜዳ ሆኖ ጠበቀኝ፤ ሸርጣኖች በድንጋዩ መካከል ይሯሯጡ ነበር።

[ምስል፦ ሰማያዊ ምልክት። ከማዕበል ወደ ኮረብታ የሚሮጥ ሰው ሥዕል።]

ይህ ምልክት በአንዳማን ዳርቻ በብዙ ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 2004፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 17 ቀን 1997፣ በኢንዶኔዥያዋ ደሴት በሱማትራ አቅራቢያ በመጠን 9.1 የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሣ። መንቀጥቀጡ ያስነሣው ግዙፍ ማዕበል፣ ሱናሚ የሚባለው፣ ታይላንድ የደረሰው ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ነበር። ከመድረሱ በፊት በብዙ ቦታ ባሕሩ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ሰዎችም ባዶ የቀረውን አሸዋ ለማየት ወረዱ። በሱሪን ደሴቶች የሚኖሩት ሞከን የተባሉት የባሕር ሰዎች ግን ከአያቶቻቸው የሰሙት ተረት ነበራቸው፦ ባሕሩ ሲሸሽ ሰው የሚበላ ማዕበል ይመጣል። ወደ ከፍታ ሮጡ፤ መንደራቸው ጠፋ፣ እነርሱ ግን ተረፉ። ያው ማዕበል ውቅያኖሱን አቋርጦ በሶማሊያ የሐፉን ዳርቻም ሕይወት ቀጥፏል። ምልክቱ ካለበት ቦታ ወደ ኮረብታው የሚያወጣውን መንገድ አንድ ጊዜ በእግራችሁ ሂዱበት።

ስለ ጄሊፊሽ፣ ስለሚናደፈው ለስላሳ የባሕር እንስሳ፣ ባጭሩ፦ በብዙ የታይላንድ ዳርቻዎች የአቼቶ ጠርሙስ በግልጽ ቦታ ይቀመጣል። ከነደፋችሁ ቢያንስ ለ30 ሰከንድ አቼቶ አፍስሱበት፤ አትሹት፣ ጨው በሌለው ውሃም አትጠቡት።

[ምስል፦ የመንገድ ዳር ምግብ ቤት። አንድ ሰሃን ሩዝ ከወጥ ጋር።]

የብቻ ጉዞ ሌላው ፈተና ማዕድ ነው። የታይ ሰዎች እንደ እኛ ወጡን መሐል አድርገው በጋራ ይበላሉ፤ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ብሎ ላደገ ሰው ለአራት ሰው በተዘጋጀ ጠረጴዛ ብቻውን መቀመጥ ይከብዳል። መፍትሔው ወጦቹ በትሪ ተደርድረው በአንድ ሰሃን ሩዝ ላይ የሚጨለፍባቸው ትንንሽ ቤቶች ናቸው። በላንታ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ስለሆነ ማሳማን የተባለው የኮኮናት ወተትና የድንች ወጥ እዚያ እጅግ ይጣፍጣል። ከዳርቻው ወጥታችሁ ወደ መንደር ስትገቡ ትከሻችሁንና ጉልበታችሁን ሸፍኑ።

[ምስል፦ የሪዞርቱ እንግዳ መቀበያ። በእጅ የተጻፈ የሰዓት ወረቀት።]

በእንግዳ መቀበያው የምትሠራ በዕድሜ የምትበልጠኝ ሴት ነበረች። እዚያ ታላቅን «ፒ» ብለው ስለሚጠሩ እኔም ፒ እላት ነበር። በቀይ ባንዲራው ጠዋት አንድ ውል ገባን፦ ስወጣ የት እንደምሄድና ስንት ሰዓት እንደምመለስ እነግራታለሁ። ሰዓት ስንነጋገር ያስገረመኝ ነገር አለ። ከምሽቱ 1 ሰዓት በታይኛ የንግግር አቆጣጠር «ኑንግ ቱም» ነው፤ ኑንግ አንድ ማለት ነው። 2 ሰዓት «ሶንግ ቱም»፣ 3 ሰዓት «ሳም ቱም»፣ እንዲህ እያለ እስከ 5 ሰዓት ከእኛው ጋር አንድ ነው። ከዚያ ወዲያ ስልኬን ሳላይ ማታ ማታ በአገሬ ሰዓት አወራት ነበር።

በስድስተኛው ቀን በምሥራቁ በኩል ወዳለችው አሮጌ ከተማ ሄድሁ፤ ቤቶቹ በባሕሩ ላይ በእንጨት ምሰሶ ቆመዋል። ሳም ቱም እመለሳለሁ ብዬ ነበር። የመመለሻ መኪና ግን ጠፋ፤ ሪዞርቱ በር የደረስሁት 4 ሰዓት ሲሆን ነው። ፒ የእጅ ባትሪ ይዛ መንገዱ ላይ ቆማ ነበር። አልተቆጣችም። ሦስት ጣቶቿን አሳየችኝ፤ ቀጥላ አራተኛውን አነሣች። ይቅርታ ጠየቅኋት። ክፍሌ ስገባ የበሩን መብራት ስታጠፋ አየሁ።