አየሩ አልተስማማኝም

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ስለ ጤና የምትጽፉና የምታስተምሩ ሰዎች ስለሆናችሁ፣ ስለ አንድ አነጋገር ላወራችሁ መጣሁ። አንድ ቤት ሰውን እያሳመመ ነው ለማለት ስንፈልግ፣ ብዕራችን ቶሎ የሚያወጣው «ንጽሕና የጎደለው» የሚለውን ነው። ይሄ ነገር ያሳስበኛል።

«ንጽሕና የጎደለው» ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ያልጠረገውን፣ ያላጠበውን ሰው ነው። ግን ወለሉ ተወልውሎ በሚያብረቀርቅ ቤትም ሰው ይታመማል። መስኮት ከሌለው፣ የምድጃው ጭስ መውጫ ካጣ፣ ግድግዳው እርጥበት ከያዘ፣ እናትየው ቀኑን ሙሉ ስትጠርግ ብትውልም የልጇ ሳል አይለቀውም። እዚያ ቤት የጎደለው አየር ነው።

አማርኛችን የተሻለ ቃል አለው። ሰው አዲስ ቦታ ሄዶ ሲታመም «አየሩ አልተስማማኝም» ይላል። ግሱን ልብ በሉልኝ። መስማማት ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ እዚህ ሰውነትና ቦታ ናቸው። ማንም አይወቀስም። «ለጤና የማይስማማ ቤት» ብለን ስንጽፍ አንባቢው ቤቱን ያያል እንጂ ባለቤቷን አይታዘብም። (እግረ መንገዴን፣ ቤትን ወይም ምግብን «ጤናማ» እንላለን እንጂ «ጤነኛ» አንልም።)

ግን ይህ ቃልም ብቻውን አይበቃም። ወባን የምንጠራበት «ማላሪያ» ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ «መጥፎ አየር» ማለት ነው። ሰዎች ረግረጉ አጠገብ መኖር እንደሚያሳምም በትክክል አይተው ነበር። ጥፋተኛው ግን ሽታው መሰላቸው። ብሪታኒያዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ የወባውን ተሕዋስ ትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው ገና እ.ኤ.አ. በ1897 ነው።

ይህ ስሕተት ሕይወት አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጨረሻ ለንደን ውስጥ መጥፎውን ሽታ ከሰፈር ለማራቅ ተብሎ ፍሳሹ ወደ ቴምዝ ወንዝ ይለቀቅ ነበር። ብዙው ሕዝብ የሚጠጣው ደግሞ ከዚያው ወንዝ ነው። ኮሌራ የሚተላለፈው በውኃ እንደሆነ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ስኖው በ1854 በአንድ የጉድጓድ ውኃ ፓምፕ ዙሪያ የሞቱትን ቆጥሮ እስኪያሳይ ድረስ፣ አብዛኛው ሰው አየሩን ይወቅስ ነበር። ከዚያ በኋላም ለማመን ዓመታት ፈጅቷል።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ፣ «ለጤና የማይስማማ» ብላችሁ አታቁሙ። ምኑ እንዳልተስማማ ጨምሩበት። ጭሱ ነው? እርጥበቱ? ደጅ የተኛው ውኃ? ያቺ ስትጠርግ የምትውል እናት ጽሑፋችሁን ስታነብ፣ መጥረጊያውን አስቀምጣ መስኮቱ የት ቢከፈት እንደሚሻል ግድግዳውን እንድትመለከት።

አመሰግናለሁ።