ያገለገለ ትራክተር ገዝታችሁ ቤት ስታስገቡ፦ መጀመሪያ አሮጌውን ዘይት እዩት

[ምስል፦ አሮጌ ትራክተር ቆሟል። የሞተሩ ክዳን ክፍት ነው።]

ትራክተሩ ቤት ገባ። እንኳን ደስ አላችሁ። አሁን እጃችሁን የሚበላችሁ ማረሻ አጥልቆ ማሳ መግባት ነው። አውቃለሁ። ግን እባካችሁ፣ ሁለት ቀን ታገሡ።

የቀድሞው ባለቤት ዘይት መቼ እንደቀየረ አታውቁም። "በቅርብ ነው የቀየርኩት" ቢላችሁም ምን ዓይነት ዘይት እንደሞላበት አታውቁም። ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት የሚቆጥረው ቆጣሪም አይታመንም። ቆሞ ሊሆን ይችላል፣ ተቀይሮም ሊሆን ይችላል። እኔ ከቆጣሪው በፊት የማየው የፍሪሲዮን ፔዳሉን ነው። የፔዳሉ ጎማ አልቆ ብረቱ ካብለጨለጨ፣ ቆጣሪው ምንም ቢል ያ ትራክተር ብዙ ሠርቷል።

ስለዚህ ፈሳሹን ሁሉ አውጡ፣ ፊልትሮውን ሁሉ ቀይሩ፣ ከዜሮ ጀምሩ። የወጣውን አሮጌ ዘይት ግን ሳታዩ እንዳታስወግዱት። የትራክተሩን ታሪክ ከሻጩ ይልቅ በደንብ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

[ምስል፦ የዘይት መለኪያ ዘንግ ተመዝዞ፣ በቅርብ።]

ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት የዘይት መለኪያ ዘንጉን መዝዛችሁ እዩ። ዘይቱ ጥቁር ከሆነ አትደንግጡ። የናፍጣ ሞተር ዘይት ጥላሸት ስለሚሰበስብ ቶሎ ይጠቁራል። ነጣ ብሎ ወተት ከመሰለ ግን ውሃ ገብቶበታል፤ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ሞተሩን አታስነሱት፣ መካኒክ ጥሩ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ከሆነም ነዳጅ ወደ ሞተሩ ዘይት እየሾለከ ነው። ናፍጣ የቀጠነው ዘይት ብረቱን አይጠብቅም።

ደህና ከሆነ ትራክተሩን ሜዳ ቦታ አቁሙ፣ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አሙቁና አጥፉ። የሞቀ ዘይት ቀጥኖ፣ ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። ጓንት አድርጉ። ንጹህ ሳፋ ከሥር አስቀምጡና የታችኛውን ቡሎን ፍቱ። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ትንሽ ወስዳችሁ በሁለት ጣት መሀል አሹትና ፀሐይ ላይ ያዙት። ብልጭ ብልጭ የሚል ደቃቅ ነገር አያችሁ? ብረት ነው። አሮጌውን ፊልትሮም ቆርጣችሁ ክፈቱት፣ ወረቀቱን ዘርግታችሁ እዩት። ጥቂት ብናኝ ያስኬዳል። በጣት የሚለቀም ስባሪ ካለ ግን ሞተሩ ውስጥ እየተበላ ያለ ብረት አለ።

ለብዙ የናፍጣ ትራክተሮች 15 ደብሊው 40 (15W-40) የሚባለው የሞተር ዘይት ይሆናል። የእናንተን ግን ከመመሪያው አረጋግጡ። መመሪያ ከሌላችሁ በትራክተሩ አካል ላይ የተለጠፈውን የሞዴልና የሴሪ ቁጥር ጻፉት። መመሪያውንም ዕቃውንም የምታገኙት በሱ ነው። ብዙ መመሪያዎች በየ250 ሰዓቱ ቀይሩ ይላሉ። የመጀመሪያውን ዙር ግን እኔ በ50 ሰዓት ነው የምቀይረው። አዲስ ዘይት ለዓመታት የተጋገረውን ዝቃጭ እያጠበ ስለሚያወርድ ቶሎ ይቆሽሻል።

የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ዘይት ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በብዙ ትራክተሮች ካምቢዮው፣ ሃይድሮሊኩና ዘይት ውስጥ የሚሠራው ፍሬን የሚጋሩት አንድ ዘይት ነው። ያገኛችሁትን ዘይት ሁሉ አትሙሉበት። ዘይቱ ካልሆነለት ፍሬኑ መጮህና መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

[ምስል፦ የናፍጣ ፊልትሮ። እጅ ትንሿን ፖምፓ እየገፋ።]

ወደ ናፍጣው። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታንከሩ ሥር ይተኛል። ጠዋት፣ ትራክተሩ ሳይንቀሳቀስ፣ የፊልትሮውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ በብርጭቆ ተቀበሉ። ውሃ ካለ ለሁለት ተለይቶ ታዩታላችሁ። ንጹህ ናፍጣ እስኪመጣ አፍስሱ። ታንከሩንም ከሥራ በኋላ ማታ የመሙላት ልማድ ይኑራችሁ። ባዶ ታንከር ውስጥ ያለ አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውሃ ያወርዳል።

ፊልትሮውን ስትቀይሩ አየር ይገባና ሞተሩ አልነሳ ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) እያስጮኸ ባትሪውን ይጨርሳል። አያስፈልግም። ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ቡሎን አላሉ፣ ከዚያ በእጅ የምትገፋውን ፖምፓ ደጋግማችሁ ግፉ። መጀመሪያ ጭፍ ጭፍ እያለ አረፋ ይተፋል። ግፉ። አረፋው አልቆ ናፍጣው እንደ ክር ሲወርድ፣ እየፈሰሰ እያለ ቡሎኗን አጥብቁ። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ናፍጣ ወደሚረጩት ኖዝሎች የሚሄዱትን ቱቦዎች በእጃችሁ እየዳበሳችሁ ፍሳሽ አትፈልጉ። እዚያ ያለው ግፊት ቆዳ በስቶ ይገባል። ካርቶን አስጠጉ፣ ፍሳሽ ካለ ካርቶኑ ይረጥባል።

የአየር ፊልትሮ ርካሽ ነው፣ ግን ሞተር የሚገድለው የሱ ችላ መባል ነው። የማረሻ አቧራ አሸዋ አለበት፤ ሾልኮ ከገባ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) እና ሲሊንደሩን ይሞርዳል። የወረቀት ፊልትሮ ከሆነ መሬት ላይ እየመታችሁ አታራግፉት፣ ይቀደዳል። ጨለማ ቦታ ውስጡ የእጅ ባትሪ አብሩበት። ነጥብ ብርሃን ካሳለፈ ቀዳዳ አለው፣ ጣሉት። ዘይት ያለበት ዓይነት ከሆነ ሥሩ ያለውን ሳህን አውርዳችሁ ጭቃውን እጠቡ፣ እስከ ምልክቱ አዲስ ዘይት ሙሉ። ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦም አጣጥፋችሁ እዩት። ስንጥቅ ካለው ፊልትሮው ምንም አልሠራም ማለት ነው።

ራዲያተር፦ ክዳኑን በሙቀቱ በፍጹም አትክፈቱ። ገለባ የደፈነውን ክንፉን ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ንፉ፤ ከፊት ብትነፉ ይበልጥ ትወትፉታላችሁ። ባትሪ ስትፈቱ ኔጌቲቩን መጀመሪያ፣ ስትመልሱ መጨረሻ።

ግራሶ ማስገቢያዎቹን አንድ በአንድ ፈልጉ፣ በጭቃ የተሸፈነም አይቅርባችሁ። አፉን ጥረጉ፣ ጥቁሩ አልቆ ንጹሁ ግራሶ ዙሪያውን ብቅ እስኪል ግፉ። የፊት አክስሉ መሀል ላይ የተሰካችበትን ፒን ብዙ ሰው ይረሳታል። የፊቱን ጭነት የምትሸከመው እሷ ናት።

[ምስል፦ ሁለቱ የፍሬን ፔዳሎች።]

የቀኝና የግራ ፍሬን ፔዳሎች አስፋልት ላይ ስትወጡ አንድ ላይ መታሰር አለባቸው። ሰው በሌለበት ቀስ ብላችሁ ነድታችሁ ፍሬን ያዙ። ወደ አንድ ጎን ከጎተተ ሳታስተካክሉ መንገድ አትውጡ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ቁልፉ አልሠራ ብሎ ሞተሪኖውን በካቻቢቴ እያገናኙ የሚያስነሱት ትራክተር ከገዛችሁ፣ ዛሬውኑ አሠሩት። ማርሽ ውስጥ ካለ እንደተነሳ ይሄዳል፤ እናንተ ደግሞ የቆማችሁት የኋላው ጎማ ፊት ነው። ሰው የሚሞተው እንዲህ ነው።

[ምስል፦ ትራክተሩ ማሳ ውስጥ።]

አሁን ሥሩ። መጀመሪያ ቀን በቀላሉ ይሁን። በየመሀሉ አቁማችሁ ሥሩን እዩ፣ አዲስ ጠብታ ካለ ከየት እንደሆነ ፈልጉ። ከ10 ሰዓት ሥራ በኋላ የጎማውን ዳዶዎች በሙሉ ደግማችሁ አጥብቁ። ዘይቱን የቀየራችሁበትን ቀንና የቆጣሪውን ሰዓት ደብተር ላይ ጻፉ፤ ቆጣሪው ካልሠራ የሠራችሁበትን ሰዓት ራሳችሁ ደምሩ። 50 ሲሞላ ያንኑ ሳፋ ይዛችሁ ተመለሱ፣ የሚወጣውን ዘይት ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩት።