ዘፈኑን ታውቀዋለች፣ ፊደሉን ግን አታውቀውም

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ድምፄ ዝቅ ካለባችሁ ይቅርታ። ልጅ አስተኝቼ ነው የምቀዳው፣ የቤታችን ግድግዳ ደግሞ ስስ ነው። ከነቃች አለቀልን።

ባለፈው ልጄን ቤት ውስጥ ማንበብ እያስተማርኩ ነው ብዬ ጣል አድርጌ አልፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «የትኛውን ፕሮግራም ገዛሽ?» እሺ፣ ልንገራችሁ። ሦስት ገዛሁ። ለአማርኛው አሁን የምንሠራበት ግን ያልተገዛው ነው። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ላውራችሁ፣ ምናልባት የእናንተን ገንዘብ ያድን ይሆናል።

ለማታውቁኝ፣ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ሜሪላንድ። ሰፈሩ አበሻ በአበሻ ነው፣ እንጀራው ቡናው ሁሉም ደጃችን ላይ አለ። ግን ልጅ መዋያ ከገባች በኋላ አማርኛዋ እንደ ሳሙና እያለቀ መጣ። «እማዬ ውሃ ስጪኝ» ትል የነበረች ልጅ በእንግሊዝኛ ብቻ መጠየቅ ጀመረች። ሚሚ አሁን አምስት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ያኔ አራት ዓመቷ ነበር፣ እኔም ደነገጥኩ። የደነገጠ ወላጅ ደግሞ ምን ያደርጋል? ስልኩን አውጥቶ ይገዛል።

መጀመሪያ የገዛሁት አፕ ነው። በወር 10 ዶላር። ስሙን አልጠራም፣ ሠሪዎቹ መቼም ለልጆቻችን አስበው ነው የሠሩት። ፊደሎቹ ይጨፍራሉ፣ ሀ ኮፍያ አድርጎ ይመጣል፣ ዘፈኑ ራሱ ከጭንቅላት አይወጣም፣ እኔ ሥራ ቦታ ስብሰባ ላይ ሳንጎራጉረው ራሴን ይዤዋለሁ። በሁለት ወር ውስጥ ሚሚ ከሀ እስከ ፐ፣ 231ዱንም በዜማ ወረደችው። ቪዲዮ ቀርጬ ለቤተሰብ ላክሁ። እልልታው! አክስቴማ አለቀሰች።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ሻይ እየጠጣን ወረቀት ላይ «ሻይ» ብዬ ጻፍኩላት። ሁለት ፊደል ብቻ ነው። አየችው። ዝም አለች። ከዚያ ጣቷን እያወጣች ጀመረች፤ ሸ፣ ሹ፣ ሺ፣ ሻ። «ሻ!» አለች። ጎበዝ። ቀጥላ የ፣ ዩ፣ ዪ፣ ያ፣ ዬ፣ ይ። «ይ!» ጎበዝ፣ እና አንድ ላይ ምን ይላል? ፊቴን ታያለች። የመጀመሪያውን ረስታዋለች። «እንደገና ልዝፈነው?» አለችኝ።

እኔ ያን ቀን ነው የገባኝ። ልጄ ዘፈን ነው የተማረችው። ፊደሉን ለማወቅ መስመሩን ከመነሻው መዝፈን አለባት፣ ልክ አንዳንዶቻችን ስምንት ሰባት ስንት እንደሆነ ለማወቅ ከስምንት አንድ እንደምንነሳው። አፑ አላታለለኝም። ፊደል አስተምራለሁ አለ፣ ፊደል አስዘፈነ። ማንበብ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው የገዛሁት ከገበያ የፊደል ገበታ ነው፣ ያ ሁላችንም የምናውቀው፣ በፕላስቲክ የተለበጠው። እሱም ያው ነው፣ ዘፈኑ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ በሉት።

በዚህ መሐል አባቴን ደወልኩለት። አባቴ ደብረ ታቦር አጠገብ ነው ያደገው፣ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነው፣ የኔታ ፊት በስንጥር ፊደል እየጠቆመ የተማረ። «አባዬ፣ ፊደሉን በቃሏ ታወርደዋለች፣ ቃል ስጽፍላት ግን አታውቅም» አልኩት። ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ታዲያ አቡጊዳ አላስቆጠርሻትም?»

እውነቱን ለመናገር እኔ አቡጊዳ ማለት የፊደል ሌላ ስም ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ አይደለም። ሀሁ ከተቆጠረ በኋላ የሚመጣ ሁለተኛ ገበታ ነው፣ ተዘበራርቆ የተሠራ። የመጀመሪያው መስመር አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ይላል። አስተውሉት፣ አ ግዕዝ ነው፣ ቡ ካዕብ፣ ጊ ሣልስ፣ ዳ ራብዕ፣ ሄ ኃምስ፣ ው ሳድስ፣ ዞ ሳብዕ። እያንዳንዱ ከሌላ ቤት የመጣ ነው። ቀጣዩ መስመር በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ። ዜማው አያድንህም። ዓይንህን ከፊደሉ ላይ ካነሳህ ጠፋህ። አባቴ እንደሚለው የኔታ ይሄንንም ልጆቹ በቃላቸው እንዳይዙት ወደ ላይም ወደ ታችም ያስቆጥሯቸው ነበር፣ ስንጥሩን ድንገት መሐል ላይ ያሳርፉና «ይቺስ?» ይላሉ። መልሱ ከዘገየ አርጩሜው አለ። (አርጩሜውን አልወሰድኩትም፣ አትስጉ።)

በነገራችን ላይ ፒተር ዳንኤልስ የሚባል የቋንቋ ምሁር በ1990 እንደ እኛ ያለውን፣ ሂንዲ የሚጻፍበትንም ጨምሮ፣ ተነባቢውና አናባቢው በአንድ ምልክት አብረው የሚሄዱበትን የጽሕፈት ዓይነት በሙሉ ስም ሲያወጣለት «አቡጊዳ» ብሎ ነው የጠራው። ዓለም ቃሉን ከእኛ ወሰደ፣ እኔ ደግሞ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። እንግዲህ።

የገረመኝ ነገር ይሄ ነው። በዚያው ሰሞን እንግሊዝ አገር እንዴት እንደሚያስተምሩ ሳነብ ነበር። ከ2012 ጀምሮ እዚያ አንደኛ ዓመት ያሉ ልጆች፣ አምስትና ስድስት ዓመት የሆናቸው፣ አጭር የንባብ ፈተና አላቸው። 40 ቃል ነው። ከ40ዎቹ 20ዎቹ እውነተኛ ቃል አይደሉም! ምንም ትርጉም የሌላቸው፣ የተፈጠሩ ናቸው፣ አጠገባቸው አንድ የማይታወቅ ፍጡር ተስሎ ልጁ ስሙ ነው ብሎ ያነበዋል። ለምን? አይቶ የሸመደደውን ቃል መገመት ስለማይችል። ፊደሉን አውቆ፣ ድምፁን አያይዞ ማንበብ ብቻ ነው ያለው። እና እኔ ይሄን ሳነብ የኔታ ነው የታዩኝ። ስንጥራቸውን ይዘው፣ «ይቺስ?» እያሉ።

ስለዚህ እኛ ቤት ጨዋታ ፈጠርን። የጭራቅ ስም። ወረቀት ላይ ሁለትና ሦስት ፊደል ዘበራርቄ እጽፋለሁ፣ ዞጉ፣ ሄቡዋ፣ ጦዌ፣ እሷ ስሙን አንብባ ጭራቁን ትስለዋለች። ጦዌ አራት እግርና አንድ ጥርስ አለው። በቀን 10 ደቂቃ፣ ቢበዛ 15፣ ከዚያ በላይ እሷም እኔም እንነጫነጫለን። በሦስት ሳምንት ዘፈኑ ጠፋ። ጠፋ ስል፣ ዘፈኑን ትዘፍነዋለች፣ ለማንበብ ግን አትፈልገውም።

አሁን ፕሮግራም ልትገዙ ያሰባችሁ፣ እዚህ ጋ ጆሮ ስጡኝ። ስንት ፊደል ያስተምራል ብላችሁ አትጠይቁ። በመጀመሪያው ሳምንት ምን ቃል ያስነብባል ብላችሁ ጠይቁ። ለእንግሊዝኛ የገዛሁት ሳጥን፣ ሦስተኛው ግዢዬ ማለት ነው፣ እሱ ጥሩ ነበር። 26ቱን ፊደል አይደረድርም። አራት አምስት ድምፅ ይሰጣትና በማግስቱ በእነሱ ብቻ ቃል ያስነብባታል። ከዚያ ሌላ ድምፅ ይጨምራል። በ2000 አሜሪካ ውስጥ የንባብ ጥናቶችን የመረመረው ብሔራዊ ቡድንም ፊደልና ድምፅን በቅደም ተከተል፣ በግልጽ ማስተማር እንደሚረዳ ነው ያረጋገጠው። «ሥዕሉን አይተሽ ገምቺ» የሚል ነገር ካያችሁ ግን ዝጉት፣ መልሱት። ከአንድ ጓደኛዬ የተዋስኳቸው መጻሕፍት እንደዚያ ነበሩ። ልጄ ፈረሱን አይታ «አህያ» ብላ አነበበች፣ መጽሐፉም ሊያርማት አልቻለም።

ያንን ለአማርኛ ላድርገው ብዬ ስነሳ ግን አንድ ነገር አጋጠመኝ። ሀሁን ከግዕዝ ጀምራችሁ ወደ ጎን ስታስቆጥሩ ሳድስ ስድስተኛ ላይ ነው የሚመጣው። ልጅ በቀን በቀን የሚሰማቸውን ቃላት ግን እስቲ እዩአቸው። ልጅ፣ እጅ፣ እግር፣ ልብ፣ ልብስ፣ ድንች፣ ምስር፣ ብርድ። ሁሉም ከላይ እስከ ታች ሳድስ ናቸው! «ትምህርት» ራሱ አምስት ፊደል ነው፣ አምስቱም ሳድስ። ሳድስ ደግሞ ጠማማው ነው። ካዕብ ከጎኑ ቅጥያ ይወጣለታል፣ ኃምስ ቀለበት አለው፣ ጥቂት አፈንጋጮች ቢኖሩም ልጅ ደንቡን ቶሎ ይይዘዋል። ሳድስ ግን አንዱ አናቱ ይሰበራል፣ አንዱ ወገቡ፣ አንዱ ጭራ ያወጣል። በዚያ ላይ አንዳንዴ ድምፅ አለው፣ አንዳንዴ ዝም ይላል። «ልብስ» ውስጥ ያለውን ብ እንደ «ብር» ብ ካነበባችሁት ቃሉ ይበላሻል።

እኔ እንግዲህ በሳድስ ጀመርኩ። ል፣ ብ፣ ስ፣ ጅ፣ እ፣ ም፣ ር። ሰባት ፊደል። በመጀመሪያው ሳምንት «ልብ» እና «ልጅ» እና «ልብስ» አነበበች፣ ያቺን «ልብስ» ስታነብ በራሷ ሸሚዝ ላይ ለጥፈነው ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ለብሳው ዋለች። ሁለተኛው ሳምንት ግዕዝና ራብዕ ጨመርኩ። አስተማሪ አይደለሁም፣ ስህተቴን የምታውቁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ግን ሠርቷል።

ሞክሼዎቹን ለጊዜው ትቻቸዋለሁ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፣ ይደርሳሉ። አክስቴ ይሄን ስትሰማ ተቆጣች፣ «ንጉሡ ሠን ጥለሽ ምን ሊቀርሽ ነው» አለችኝ። አልጣልኩትም፣ ወረፋ ይዟል አልኳት።

አንድ ነገር ግን ፕሮግራም አይፈታላችሁም፣ የጨዋታ ካርድም አይፈታላችሁም። ጎፍ እና ተንመር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1986 ንባብን እንደ ማባዛት አስቀመጡት። ፊደሉን መፍታት ሲባዛ ቋንቋውን መረዳት። አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ። እኔ ይሄን የተረዳሁት ከአባቴ ነው። አባቴ ዳዊት ደግሟል። እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ሲያነበው የሚያቆመው የለም፣ እንደ ውሃ ይወርዳል። ግዕዙን ግን ብዙውን አይረዳውም፣ ራሱም ነው የሚናገረው። ልጅ ሆኖ «ንባቡ ይቅደም፣ ትርጓሜው ይደርሳል» ተብሎ ነው የተማረው፣ ትርጓሜው ሳይደርስ ወደ ከተማ ወጣ።

እና ሚሚ አማርኛን እንደዚያ ልታነበው ነው ብዬ ፈራሁ። አንዳንድ ቀን አፏን ሞልታ ታነብልኛለች፣ ምን ማለት ነው ስላት ትከሻዋን ትነቀንቃለች። «ማድጋ» ምን ያድርግላት? አይታው አታውቅም። ስለዚህ አሁን ከ15 ደቂቃው አሥሩን ወሬ አድርጌዋለሁ። እናወራለን፣ ተረት አነብላታለሁ፣ አባቴ በስልክ ተረት ይነግራታል፣ እሷ ታቋርጠዋለች፣ እሱ ይናደዳል፣ ይቀጥላል። ይሄ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚበላው ነው፣ ማንም ደግሞ በሳጥን አይሸጠውም።

በተለይ አማርኛ ያለ ወሬ አይነበብም። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላቱን አይጽፈውምና። «አለ» የሚለው ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? ፊደሉ አይነግርህም። ቋንቋውን የሚያውቅ ልጅ ሳያስበው ያስተካክለዋል። የማያውቅ ደግሞ…

ባለፈው ታኅሣሥ እናቴ ካርድ ላከችላት። የመጀመሪያዋ በስሟ የመጣ አማርኛ ደብዳቤ ነው። እኔ ወጥ እያማሰልኩ ነበር፣ አታንብቢልኝ ራሴ ነኝ የማነበው አለችኝ፣ ወንበር ላይ ወጣች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። «መል… ካም… መልካም» አለች። ልቤ ቆመ። «ገና» አለች ቀጥላ፣ አላልታ፣ ገና አልደረሰም እንደሚባለው። ካርዱን ገለበጠችው፣ ጀርባውን አየችው።

«እማዬ፣ መልካሙ ገና ነው ይላል። መቼ ነው የሚመጣው ታዲያ?»