ስፔክ ከመጻፋችን በፊት ሥራችንን እንለካ

የተከበራችሁ የመሬት መረጃ ባለሙያዎች፣ የአይሲቲና የግዥ ባልደረቦች፣ እንደምን አደራችሁ።

የካርታ ሶፍትዌር የሚሠራበት ኮምፒውተር ሲገዛ ስፔኩን (የሚፈለገውን የማሽን አቅም ዝርዝር) ከየት እንጀምር? ብዙ ጊዜ ገበያ ላይ አዲስ የወጣው ፕሮሰሰር የቱ እንደሆነ ነው የምንጠይቀው። እኔ ግን ከዳታችን እንጀምር እላለሁ።

አዲስ አበባን እንውሰድ። ስፋቷ 527 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ሁሉ በ20 ሴንቲ ሜትር ጥራት የሚሸፍን ኦርቶፎቶ፣ ማለትም እንደ ካርታ ልኬቱ የተስተካከለ የአየር ፎቶ፣ አለን እንበል። አንዱ ፒክስል መሬት ላይ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ስለሚሸፍን፣ አንድ ስኩዌር ሜትር 25 ፒክስል ይይዛል። ጠቅላላው ከ13 ቢሊዮን ፒክስል ያልፋል። ለአንድ ፒክስል 3 ባይት ብንይዝ፣ ፋይሉ ሳይታመቅ 40 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። ይህን ለማወቅ ካልኩሌተር ይበቃል።

አሁን ፋይሉ ሰርቨር ላይ ተቀምጧል። የቢሯችን መስመር በሰከንድ 100 ሜጋቢት ከሆነ (8 ቢት አንድ ባይት ነው)፣ ሌላ ማንም ሳይጠቀምበት እንኳ ፋይሉን ለመቅዳት 53 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። 1 ጊጋቢት ከሆነ ግን ከ5 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ፕሮሰሰሩ እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም፤ ለውጡን የሚያመጡት ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኙት ስዊቹና ኬብሉ ናቸው። ደግሞም ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ሰው አንድ ሰርቨር ይከፍታል። መለካት ያለብን ያኔ ነው።

በእርግጥ ምስሉ ፒራሚድ (ጥራታቸው ደረጃ በደረጃ የቀነሰ ቅጂዎች) ከተሠራለት ሶፍትዌሩ የሚያነበው ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ያህል ብቻ ነው። ብር የማይጠይቅ መፍትሔ ስለሆነ ከግዥ በፊት ይሠራ።

ቅርንጫፍ ቢሮዎች ጋ ያለው ችግር ሌላ ነው፣ እኔም አጥብቄ የማነሳው እሱን ነው። ሶፍትዌሩ ዳታቤዙን ደጋግሞ ይጠይቃል። አንድ ጥያቄ ደርሶ ለመመለስ 50 ሚሊሰከንድ ቢወስድና 1,000 ጥያቄ ተራ በተራ ቢላክ፣ ባለሙያው 50 ሰከንድ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ይጠብቃል። የመስመሩን ስፋት እጥፍ ብታደርጉት ይህ መዘግየት አይቀንስም። ስለዚህ ሶፍትዌሩን ዳታው ካለበት ሰርቨር አጠገብ አድርጎ፣ ቅርንጫፉ በሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም እዚያ ያለውን ማሽን ከርቀት ስክሪኑን እያየ በማዘዝ፣ ቢገባ ይሻላል።

ወደ ኮምፒውተሩ ልምጣ። የካርታ ሶፍትዌሩ አርክጂአይኤስ ፕሮ ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። አምራቹ በትንሹ 8 ጊጋባይት ራም ይላል፤ የሚመክረው ግን 32 ነው። በ8 ይከፈታል። ኦርቶፎቶና የከተማ ፓርሰል (የይዞታ ቁራሽ መሬት ወሰን) ደራርባችሁ ስትሠሩ ግን ይንቀራፈፋል፣ ሰውም ይማረራል። ባለሦስት አውታር ካርታ የሚሠራ ክፍል የራሱ ሜሞሪ ያለው ግራፊክስ ካርድ ያስፈልገዋል። ፈጣኑ ዲስክ ኤስኤስዲ ለሁሉም ይግባ። መብራት ሲጠፋ ኤዲት እየተደረገ ያለ ፓርሰል እንዳይበላሽ ዩፒኤስም (መጠባበቂያ ባትሪ) በዚያው በጀት ይያዝ።

ግምታችሁን የምታረጋግጡት እንዲህ ነው። ከባዱን ሥራችሁን ክፈቱና የማሽኑን አጠቃቀም የሚያሳየውን የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ጎን አድርጉ። ራሙ ነው የሞላው? ዲስኩ ነው 100 ፐርሰንት የደረሰው? ወይስ ኔትወርኩ? ጣሪያ የነካውን መዝግቡ፤ ገንዘቡ መጀመሪያ እዚያ ይሂድ።

የግዥ ባልደረቦቼ፣ ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የጨረታ ሰነዱ ላይ ናሙና ማሽን እንዲቀርብ ጻፉልን። ውል ከመፈረሙ በፊት የራሳችንን ትልቅ ፋይል ጭነን፣ በራሳችን ኔትወርክ እንፈትነው።

አመሰግናለሁ።